ታኅሣሥ እና የእናቴ ተረከዝ

ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው፤ መንዝ። "ኢትዮጵያ ሞቃት አገር ናት" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ብቻ እዚያ ቢያድር እላለሁ። ጠዋት ሲነሳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ውጭ በጣሳ ያደረው ውሃ ከላይ ስስ በረዶ ይዞ ይጠብቀዋል። አመዳይ እንለዋለን። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ በዚያ ሣር ላይ በባዶ እግሬ ሄጃለሁ። የእኛ ዘዴ አንድ ነበር። ላም ተኝታ ከተነሳችበት ቦታ ላይ ሄዶ መቆም። መሬቱ ሙቀቷን ይዞ ይቆያል። እግራችን ነፍስ እስኪዘራ ድረስ እዚያው እንቆማለን።

የዚያ ዘመን እግራችን ምን ይመስል እንደነበር አስታውሳለሁ። ተረከዛችን ይነቃል። ጉንጫችን ተሰነጣጥቆ ደም ይቋጥራል። እጃችን በቆፈን ደርቆ ጣታችን አይታጠፍም። ማንም እንደ ሕመም አያየውም ነበር። "ብርድ ነው፣ ጥር ሲያልፍ ይለቃል" ይባላል፤ አለቀ።

እኔም እስከ አምና ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

መጀመሪያ ግን ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ "በክረምት ቆዳዎን እንዴት ይንከባከባሉ" የሚሉ ምክሮች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ከፈረንጅ አገር የመጡ ናቸው። የእነሱ ክረምት በረዶና ደረቅ ብርድ ነው። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናብ፣ ጉምና ጭቃ። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቆዳችን ብዙም አይጎዳም። ለሰሜን ሸዋ ሰው ቆዳ መጥፎው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ ይተኩሳል። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ እንደ ጋቢ ሸፍኖ የሚያስቀርለት ደመና የለም። ውርጩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ብዙ እርጥበት መያዝ አይችልም። ደረቅ ስለሆነ ካገኘበት ይጠጣል። ከአፈሩ፣ ከተሰጣው ልብስ፣ ከከንፈራችን። ስለዚህ "የክረምት ምክር" የሚል ነገር ስታነቡ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ላለው ጊዜ አድርጋችሁ ውሰዱት።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን 2,800 ሜትር ያልፋል። በየዓመቱ ከቆላ የሚመጡ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጃኬት ይገዛሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈራቸው ይላጣል። ከዚያ ይልሱታል። ምራቁ ሲደርቅ የነበረችውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል፤ እንደገና ይደርቃል፣ እንደገና ይልሱታል። አንዷን ልጅ ጠርቼ "እህቴ፣ አትላሺው፣ ቀቢው" ብያታለሁ። በኪሷ ቅባት እንድትይዝ ነገርኳት። በተለይ ማታ ከመተኛቷ በፊት።

ወደ እናቴ ልመለስ።

አምና ለገና ልጠይቃት ሄድኩ። በር ላይ ስትቀበለኝ አረማመዷ ደስ አላለኝም። በእግሯ ጣቶች ነው የምትረግጠው።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም አልሆንኩ። ተረከዜ ነቅቶ ነው። የብርድ ነው።"

እግሯን አሳይኝ ብላት እምቢ አለች። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ወደ ውስጥ ከተተች። ማታ ከተኛች በኋላ ባናውን፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሷን፣ ገልጬ እግሯን በባትሪ አየሁት። ተረከዟ ዙሪያውን እንደ ደረቀ ማሳ ተሰንጥቋል። አንዱ ስንጥቅ የሳንቲም ጠርዝ ያስገባል። ውስጡ ቀይ ነው። ሰም አቅልጣ አንጠባጥባበታለች፤ እንዲደፍነው ብላ። ከዚያ ከፍ ብሎ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ስነካው ይሞቃል። ቆሻሻው በስንጥቁ ገብቶ መርቅዞ ነበር። እናቴ 70 ዓመት አልፏታል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ስኳሯን ለካች፤ ደግነቱ ደህና ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይሄ ኪኒን ቁስሉን ያድነዋል። እንዳይመለስ የምታደርጊው ግን አንቺ ነሽ" አለችኝ። ቁጭ ብላም አስረዳችኝ። ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። ቀስ ብሎ መታጠብ። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅ። ተረከዙ ግን ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን መቀባት። ከዚያ የጥጥ ካልሲ አድርጎ መተኛት። የደነደነውን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ክልክል ነው። ከለሰለሰ በኋላ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በስሱ ማሸት ይበቃል። ከፋርማሲ ዩሪያ ያለበት ክሬም ካገኘሽ ለደነደነው ቆዳ እሱ የተሻለ ነው አለችኝ። የተከፈተ ቁስል ላይ ግን አይደረግም፤ ያቃጥላል።

እየሰማኋት ሳለ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ብልጭ አለ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ከገበያ ሲመለስ፣ ወይም እንግዳ መሽቶበት ቤታችን ሲያድር፣ መጀመሪያ የሚቀርበው ራት አልነበረም። ውሃ ነው። እናቴ በምድጃው ጥግ ለብ አድርጋ ታዘጋጃለች። እኔ ገበቴውን ይዤ ከእግሩ ሥር እንበረከካለሁ። እስከ ጉልበቱ አጥባለሁ፤ በጣቶቹ መሃል፣ በተረከዙ ዙሪያ። ስጨርስ እግሩን እስማለሁ። እንግዳውም ይመርቀኛል። "እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ስምሽን ያስጠራው።" ከዚያ እናቴ ለጋ ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ትሰጠኛለች። እግሩ ገና ሳይደርቅ አሽበታለሁ። እሱ በተራው እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ይተነፍሳል።

ነርሷ የነገረችኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ለብ ያለው ውሃ፣ ማሸቱ፣ በእርጥቡ መቀባቱ። እኛ ክብር ነው ብለን ነበር የምናውቀው። ክብርም ነው። ለደጋ እግር ግን ሕክምናም ነበር። ታዲያ መቼ ተውነው? ልጆቹ ወደ ከተማ ስንወጣ ይመስለኛል። አባቴ አረፈ። እናቴ ብቻዋን ቀረች። የራሷን እግር ጎንበስ ብላ ማጠብ ለወገቧ ከባድ ነው። የሚያጥብላት ሰው የለም። ተረከዟ የነቃው በብርዱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆዳ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝን በእኛው ቤት ልንገራችሁ። የመንዝ ቤት በድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዮቹን የሚያያይዘው በመሃላቸው ያለው ጭቃ ነው። ጭቃው ሲረግፍ ንፋስ ይገባል፣ ሙቀት ይወጣል። የላይኛው ቆዳችንም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ የቆዳው ሕዋስ ነው፤ ጭቃው በመሃሉ ያለው የተፈጥሮ ስብ። ብርድና ደረቅ አየር ያንን ስብ ያመነምነዋል። ዕድሜም ይቀንሰዋል። የፈላ ውሃና ኃይለኛ ሳሙና ደግሞ አጥቦ ይወስደዋል። ልክ በቅባት የተነካ ሰሃን በሙቅ ውሃ ቶሎ እንደሚጸዳው ማለት ነው። ብርድ ሲሆን በጣም የሞቀ ውሃ ያምረናል። ቆዳችን የሚጎዳውም ያኔ ነው። ለብ ያለ ይሁን፤ መታጠቡም ቶሎ ይለቅ። ሳሙናው ብብት፣ እግርና የቆሸሸ ቦታ ላይ ይበቃል። ክንድና ቅልጥም በየቀኑ ሳሙና አያስፈልጋቸውም። በኦሞ ልብስ የሚያጥቡ እጆች ደግሞ ከተቻለ ጓንት ያድርጉ። ካልተቻለ አጥበው እንደጨረሱ ወዲያው ይለቃለቁና ይቀቡ።

ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥም። ክዳን ነው። ያለው ውሃ እንዳይተን ያግዳል። ደረቅ ቆዳ ላይ ከቀባችሁት የምትከድኑት ድርቀቱን ነው። ከታጠባችሁ በኋላ በፎጣ ጠብጠብ አድርጋችሁ፣ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። ውድ ሎሽን ከሻወር ግማሽ ሰዓት በኋላ ከመቀባት፣ ርካሽ ቫዝሊን በእርጥቡ መቀባት ይሻላል።

ግሊሰሪን የተለየ ነው። እሱ ውሃ ይስባል። ብዙ ሴቶች ንጹሑን ግሊሰሪን እንዳለ ፊታቸው ላይ ያደርጉታል። በእኛ ደረቅ አየር ይህ አያዋጣም። ከአየሩ የሚስበው ውሃ ሲያጣ ከራሳችን ቆዳ ይስባል። በውሃ ቀጥኑት፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ አድርጉት፤ ከላዩ ስስ ቫዝሊን ደርቡ። እኔ እጄን የማድነው እንዲህ ነው።

እናቴ ቫዝሊኑን ማመን ጊዜ ወስዶባታል። "ከምንድነው የሚሠሩት?" አለችኝ። ከነዳጅ ተጣርቶ ነው ብላት "ከላምባው?" ብላ ደነገጠች። ሮበርት ቼስብሮ የሚባል አሜሪካዊ እንደጀመረውና በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት እንዳወጣበት አጫወትኳት። የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ከማሽኑ ላይ የሚጠረገውን ጥቁር ሰም የመሰለ ነገር ቁስላቸውና ቃጠሏቸው ላይ ሲቀቡት አይቶ ነው አጣርቶ ያወጣው። እናቴ ጥቂት አሰበች። "እነሱም ቅቤ አልነበራቸውማ" አለች።

ቅቤ። በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ለጋ ቅቤ ለፀጉር፣ ላልተሰነጠቀ እግርና ክንድ ጥሩ ክዳን ነው። አያቶቻችን አልተሳሳቱም። የነቃና የደማ ተረከዝ ላይ ግን አታድርጉ። ውስጡ የወተት ቅሪት አለው፣ ይበላሻል፣ ጀርም ይጋብዛል። ብጉር ለሚያወጣ ፊትም አይሆንም። ለአራስ ሕፃን አፍንጫና እትብት ደግሞ ፈጽሞ።

ከቅቤው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታኅሣሥ ላይ ፊቴ ጠቁሮና ሸክሮ ነበር። አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገባሁ። "ብርድ የበላውን ፊት ያለሰልሳል" ብለው ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ዕቃ የተቀላቀለ ክሬም ሸጡልኝ። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ። ሁሉም "ምን ተቀብተሽ ነው?" ይለኝ ጀመር። በሦስተኛው ወር ፀሐይ ሲነካኝ በርበሬ የተደረገብኝ ያህል ያቃጥለኝ ነበር። ጉንጬ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጡ። ልተወው ስሞክር ፊቴ በብጉር ተሞላ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት መሆኑን ነገረችኝ። ስቴሮይድ ለአንዳንድ የቆዳ ሕመም ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን። በየቀኑ ፊት ላይ ሲደረግ ግን ቆዳን ያሳሳል። ለመዳን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እባካችሁ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ክሬም ፊታችሁ ላይ አታድርጉ። ልጆቻችሁ ላይማ በፍጹም።

ስለ ፀሐይ ካነሳሁ፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳም ማለት ስህተት ነው። ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለንን አስቡት። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን መቃጠላችን አይታወቀንም። ማታ ፊታችን ሲጠቁር "ብርድ በላኝ" እንላለን። ግማሹን የበላን ፀሐዩ ነው። ሰፋ ያለ ባርኔጣ፣ ነጠላ በፊት ላይ መጣል፣ ለሚችል የፀሐይ መከላከያ ቅባት።

እሳት ዳርም ልክ አለው። የመንዝ ሴቶች ቅልጥም ላይ እንደ መረብ የተያያዘ ጥቁር መስመር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓመታት ሙሉ ምድጃ አጠገብ ከመቀመጥ የሚመጣ ነው። የቆፈነ እጅና እግርም በቀጥታ እሳት ላይ አይዘረጋም። የደነዘዘ ቆዳ ሙቀቱን አይለይም፤ ይቃጠላል። በብብት፣ በጋቢ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ይሙቅ። ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና እና ዝተትም የሚያሳክኩት ሰው አለ። ከሥር የጥጥ ልብስ ማድረግ ይበቃል።

ማሳከክ ካልኩ አንድ የምፈራው ነገር አለ። በብርድ ወቅት ቤተሰብ ተጠጋግቶ በአንድ ብርድ ልብስ ይተኛል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሃልና በእጅ አንጓ የሚጀምር፣ አንዱን ይዞ ሌላውንም የሚያስጨንቅ ማሳከክ ከሆነ ድርቀት አይደለም። እከክ ነው። ሺህ ጊዜ ብትቀቡ አይለቅም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ልብሱና አንሶላው በፈላ ውሃ ይታጠብ። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ደግሞ እግራቸውን በየቀኑ ይዩ። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማቸው ስንጥቁ ሳያውቁት ይመረቅዛል። መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ካለ ለነገ አይባልም።

እናቴን ጤና ጣቢያ በወሰድኩበት ቀን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል። ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። እናቴ ብቻ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ "እንደምን ዋሉ አባቴ?" አለቻቸው። ቆይቼ ነው ያወቅሁት፤ ሕመሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ ይመጣል። የአፈሩ ጥቃቅን ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የውስጡን የፈሳሽ መስመር ይዘጋል። ሁሉንም ሰው አይዝም፤ በዘር የተጋለጠ ሰው ላይ ይብሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። የሚያስገርመው እንክብካቤው ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ስንጥቁ ከተዘጋ የሚያሠቃየው ትኩሳትና እብጠት ይቀንሳል። ልጆች ከመጀመሪያው ጫማ ካደረጉ ጭራሽ አይይዛቸውም። ለእናቴ የታዘዘው ለእሳቸውም መድኃኒት ነው። ያን ቀን ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ።

የእናቴ ተረከዝ ለመደፈን አምስት ሳምንት ፈጀ። የጎረቤታችንን ልጅ ማታ ማታ እየሄደች እንድታግዛት ለመንኳት። እኔም በወር ሁለቴ መሄድ ጀመርኩ። የተዘጋ ጫማ ገዛሁላት፤ ሸበጡን ደበቅሁት። ዘንድሮ ጥቅምት ሲጠባ፣ ብርዱ ሳይመጣ በፊት ጀመርን። እንዳልነቃ ተረከዝ የሚድን የለም።

ለገና ልጄን ይዣት ሄድኩ። 9 ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ የሰው እግር አጥባ የማታውቅ። ማታ ውሃውን ለብ አድርጌ ሳፋውን አመጣሁ። "እኔ ላጥባት" አለች። እጅጌዋን ሰበሰብኩላት። መጀመሪያ ፈርታ በጣቶቿ ጫፍ ነካካቻት። ቆይታ ደፈረች። በተረከዟ ዙሪያ፣ በጣቶቿ መሃል፣ እንዳሳየኋት። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። "ሳሚያት" አልኳት። ሳመቻት። እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ እኔን ይመርቁኝ በነበረው ቃል መረቀቻት። እደጊ፣ ተመንደጊ።

ቫዝሊኑን እናቴ ራሷ ነው የቀባችው፤ በእርጥቡ፣ ፈጠን ብላ። ካልሲዋን አደረግሁላት። ከዚያ የልጄን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በመንገድ ነፋስ ጉንጯ ተሸካክሮ ነበር። እናቴ ጣቷን ሳፋው ውስጥ ልትነክር ብላ ተወችው። ንጹሕ ውሃ አምጪ አለችኝ። ጉንጯን አርጥባ፣ በመዳፏ የቀረውን ቅባት ቀስ አድርጋ አበሰችበት።